ባለቤቴ «ለገና ገና ነው» ይለኛል

ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሳላቋርጥ አነባለሁ። የሌላው ሰው ጭንቀት ከኔ ስለሚከብድ ለመጻፍ ሳመነታ ቆየሁ፤ የኔው ስለ ገና ሸመታ ነውና እንዳይስቁብኝ።

የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት እውላለሁ። ለገና መዘጋጀት የምጀምረው ሦስት ወር ቀደም ብዬ ነው። ይህን ልማድ የያዝኩት በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ነው። ያን ጊዜ በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወጥቼ፣ ያሰብኩትን ሁሉ አጥቼ፣ ያላሰብኩትን በውድ ገዝቼ ተመለስኩ። እናቴ ነገሩን ሰምታ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አይቀድመኝም።

ባለቤቴ ግን የመጀመሪያውን ፌስታል ይዤ ስገባ ባየ ቁጥር «ለገና ገና ነው!» ይለኛል። ሲጀምር ቀልድ ነበር፤ አሁን ቀልዱ አልቋል። ባለፈው ዓመት «በዓሉ ሳይደርስ ሰለቸን፤ የዓመቱን ሩብ ገና አደረግሽው» ብሎኛል። እሱ የሚወጣው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ዞሮ፣ ለኔ አንድ ስጦታ፣ ለራሱ አንድ ሸሚዝ ይዞ፣ እያፏጨ ይገባል። እንዴት እንደምናደድ አይጠይቁኝ።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ቀድሜ ጀምሬም አለመጨረሴ ነው። ባለፈው ዓመት ለትልቋ ልጄ አስቀድሜ የገዛሁት ጫማ በበዓሉ ቀን ጠበባት። ትንሹ ልጄ «ካልገዛችሁልኝ» ብሎ ያለቀሰበትን መጫወቻ ገዝቼ ደበቅኩለት፤ ቀኑ ሲደርስ እሱም ጓደኞቹም ረስተውት ሌላ ነገር ነበር የሚያወሩት። ለባለቤቴ እህት የገዛሁትን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኝ ሌላ ገዛሁ፤ የመጀመሪያው ከወራት በኋላ ከብርድ ልብስ መሃል ወጣ። ውጭ አገር ላለችው እህቴ የላክሁት ጥቅል በዓሉ ካለፈ በኋላ ደረሳት። በዋዜማው ሁሉም ተኝቶ፣ እኩለ ሌሊት አልፎ፣ እኔ ስጦታ እጠቀልል ነበር። ማጣበቂያው አለቀብኝና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ትልቋ ልጄ ውኃ ልትጠጣ ተነሥታ አየችኝ። 12 ዓመቷ ነው። «እማዬ፣ ገና ባይኖር ይሻልሽ ነበር አይደል?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ ጥያቄዋ ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

አማቴም በዓሉን የሚያሳልፉት ከኛ ጋር ነው። የባለቤቴ እህት ቤት ከወር በፊት ዛፉ አምሮ፣ ስጦታው ተደርድሮ ይጠብቃል። ከእሷ ጋር ራሴን እንዳወዳድር ማንም አላዘዘኝም፤ ግን አወዳድራለሁ።

አንድ የደበቅኩት ነገርም አለ። በጠቅላላው ምን ያህል እንደማወጣ ለባለቤቴ ነግሬው አላውቅም። ገንዘቡ ትንሽ በትንሽ ስለሚወጣ እኔም ደምሬው አላውቅም።

አሁን በዓሉ ሁለት ወር ተኩል ቀርቶታል። ዝርዝሩን ባለቤቴ እንዳያየው አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ከሁለታችን ማን ነው ልክ? ሰው ለገና መዘጋጀት ያለበትስ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ቸኩላ የምትዘገየው ነኝ

መልስ

እህቴ፣ አልሳቅሁብሽም። ባለቤትሽ እያፏጨ የገባበት ቦታ ላይ ግን ፈገግ ማለቴን አልደብቅሽም፤ በዚያው ምሽት በስንቱ ቤት እንዲሁ እያፏጨ የሚገባ ሰው እንዳለ ታስቦኝ ነው።

ከእሱ ልጀምር። ሁለት ሰዓት የሚበቃው ሰውየው ቀልጣፋ ስለሆነ አይመስለኝም። የሚገዛው ለአንቺና ለራሱ ብቻ ስለሆነ ነው። የእናቱ ስጦታ፣ የእህቱ ስጦታ፣ የልጆቹ ስጦታ፣ ውጭ አገር የሚላከው ጥቅል፣ ቤቱ፣ እንግዳው፣ ሁሉም አንቺ ዘንድ ነው ያለው። እሱ ዘግይቶ መጀመር የቻለው አንቺ ቀድመሽ ስለጀመርሽለት ነው። ሥራችሁ እኩል ሆኖ በቀን ብቻ ብትለያዩ ኖሮ ማን ልክ እንደሆነ መፍረድ ይቻል ነበር። አሁን ግን አንቺ ስለ አንድ ሙሉ ቤት፣ እሱ ስለ ሁለት ዕቃ ነው የምታወሩት።

እንዲህም ሆኖ አንድ እውነት አለው፤ ስነግርሽ ታገሺኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስለ በዓል መስማት ያደክማል። በየሳምንቱ ፌስታል ሲገባ፣ በየእራቱ «ለእሱስ ምን እንግዛለት?» ሲባል፣ በዓሉ ሲደርስ ለቤተሰቡ የሚቀር ጉጉት ይኖራል ወይ? ይህን የምልሽ ለእሱ ጥብቅና ቆሜ አይደለም። እንዲያውም በጠባዬ ወደ አንቺ ወገን አደላለሁ፤ የመጨረሻ ቀን ግርግር፣ ሰልፍና ግፊያ አልወድም። ለዚህም ይመስለኛል ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት፦ እንዲህ ቀድማ የተነሣች ሴት ዋዜማው ላይ ለምን አለቀሰች ብዬ።

ያገኘሁት ይህን ነው። ቀድመሽ የጀመርሽው መግዛቱን ነው። ለማን ምን እንደሚሻል መወሰን፣ በጠቅላላው ስንት እንደሚወጣ መደመር፣ ማን የትኛውን ሥራ እንደሚይዝ መነጋገር ግን ሦስት ወሩ ሁሉ አልፎም አልተጀመረም። እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። ውሳኔውና የገንዘቡ ነገር ሦስት ወር ቢቀድም አይበዛበትም፤ አሁን ያለሽበት ጊዜ ለእሱ ልኩ ነው። ግዢው ግን እንደየዕቃው የራሱ ቀን አለው፤ አንዳንዱ ዛሬ መውጣት አለበት፣ አንዳንዱን ዛሬ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። እናትሽ የተረቱብሽ ተረትም መመጠኑን ነበር ያስቀደመው።

መጀመሪያ መንገድ ያለበት ነገር ይውጣ። የእህትሽ ጥቅል ማለቴ ነው። ፖስታ ቤቶችና የዕቃ መላኪያ ድርጅቶች በበዓል ሰሞን ጭነት ስለሚበዛባቸው ለገና እንዲደርስ የሚፈለግ ጥቅል እስከ መቼ መሰጠት እንዳለበት አስቀድመው ያስታውቃሉ። በባሕር የሚሄደው ቀኑ በአየር ከሚሄደው በብዙ ሳምንት ይቀድማል፤ ጉምሩክም ጊዜ ይበላል። ባለፈው ዓመት ከሁሉ በፊት መነሣት የነበረበት ይህ ጥቅል ሆኖ ሳለ፣ ከትንሹ ልጅሽ መጫወቻ በኋላ የሄደ ይመስለኛል። ከውጭ በኦንላይን የምታዝዢው ነገር ካለም ከዚሁ ጋር ቁጠሪው።

አዋቂዎች ቶሎ አይለዋወጡም። አማትሽ የሚወዱት ነገር ከሁለት ወር በኋላም ያው ነው፤ ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው የሚሆነውን በማንኛውም ጊዜ መግዛት ትችያለሽ። የልጅ እግር ግን አይጠብቅሽም። ጫማና ልብስ ከበዓሉ በፊት ባለው የመጨረሻ ወር ውስጥ ቢገዛ፣ ያውም ከደረሰኙ ጋር ቢቀመጥ ይሻላል። ብዙ ሱቆች የመመለሻውን ጊዜ የሚቆጥሩት ዕቃው ከተገዛበት ዕለት ጀምሮ ነው፤ ስጦታው የተከፈተበት ቀን አያገባቸውም። ለበዓል የተገዛን ዕቃ ዘግየት ብለውም የሚቀበሉ አሉና ስትገዢ ጠይቂ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገርም እንዲሁ ነው። የአንድ ዓመት ዋስትና ያለውን ዕቃ ሦስት ወር ቁም ሣጥን ውስጥ ብትደብቂው ከመከፈቱ በፊት የዋስትናው ሩብ አልቋል፤ ብልሽት ያለበት ሆኖ ከተገኘም የመመለሻው ቀን ካለፈ ቆይቷል። የሚበላሽ ነገርና ትኩስ አበባ የመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ይህን እንኳ አንቺ አታጪውም።

ስለ ቅናሽ ደግሞ አንድ ቃል። ብላክ ፍራይደይ የሚባለው በአሜሪካ ከምስጋና ቀን ማግሥት ያለው ዓርብ ነው፤ በየዓመቱ ከኖቬምበር 23 እስከ 29 ባለው ውስጥ ይውላል፤ በኦንላይን ንግድ ምክንያት አሁን ሌላ አገርም ተለምዷል። በዓሉን ዲሴምበር 25 ለሚያከብር ሰው አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ለግዢ ጥሩ ጊዜ ነው። ጃንዋሪ 7፣ ማለትም ታኅሣሥ 29 የምታከብሪ ከሆነ ደግሞ ሌላም ዕድል አለሽ፤ ዲሴምበር 25 ካለፈ በኋላ ብዙ ሱቅ የተረፈውን ጌጣጌጥ፣ መጠቅለያና የስጦታ ዕቃ በቅናሽ ያወጣል፣ ወረፋውም ይቀንሳል። ቅናሽ የሚጠቅመው ግን ዝርዝርሽ ላይ አስቀድሞ ለተጻፈ ነገር ነው። «ርካሽ ስለሆነ ለአንዱ ይሆናል» ብለሽ ያነሣሽው ዕቃ ነው በኋላ ባለቤት አጥቶ የሚቀመጠው።

አሁን ወደ ዋዜማው ሌሊት። ይህን ያህል ቀድሞ የጀመረ ሰው ለምን አይጨርስም? በአንቺ ብቻ የደረሰ አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት ሰው የራሱን ሥራ ጊዜ ሲገምት ነገሩ ሁሉ እንዳሰበው እንደሚሄድ አድርጎ ነው፤ ባለፈው ጊዜ ምን እንደገጠመው ቢያውቅም ከግምቱ ውስጥ አያስገባውም። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን መቼ እንደሚጨርሱ የተጠየቁ ተማሪዎች በአማካይ 34 ቀን ገደማ ብለው ገምተው ከ55 ቀን በላይ ፈጀባቸው። በኋላም፣ በ2004 እ.ኤ.አ.፣ ጀስቲን ክሩገርና ማት ኤቫንስ የበዓል ሸመታን ጨምሮ በተለያዩ ሥራዎች ሞክረው፣ ሥራውን ቁርጥራጭ አድርጎ አንድ በአንድ የዘረዘረ ሰው ጊዜውን የተሻለ እንደሚገምት አይተዋል።

ዝርዝርሽን አላየሁትም፤ ግን «ለትልቋ፣ ለመካከለኛው፣ ለትንሹ፣ ለአማቴ» እያለ የሚወርድ ይመስለኛል። «መጠቅለል» የሚል መሥመር አለበት? «ማጣበቂያ መግዛት»፣ «ባትሪ ድንጋይ»፣ «ስም መጻፍ»፣ «የት እንዳስቀመጥኩት መመዝገብ» የሚልስ? አንቺን ሌሊቱን ያስቀመጡሽ እነዚህ ናቸው፤ ማናቸውም ቀን አልተቆረጠላቸውም ነበርና ሁሉም ዋዜማው ላይ ተከመሩ። ዘንድሮ እያንዳንዱን ስጦታ ቤት ባስገባሽበት ምሽት ጠቅልዪው፣ ስም ጻፊበት፣ የደበቅሽበትን ቦታ ስልክሽ ላይ መዝግቢ። ልብስና ጫማ ሲሆን ደረሰኙ አብሮ ይቀመጥ። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ለአንድ ዕቃ አሥር ደቂቃ ማንንም አያስለቅስም፤ የሃያ ዕቃ በአንድ ሌሊት ግን ያስለቅሳል።

መጀመሪያውን ጠየቅሽኝ፤ ማብቂያውን ግን አላነሣሽውም። ሦስት ወር ቀድሞ የሚጀምር ሰው መጨረሻ ከሌለው ሦስት ወር ሙሉ ይገዛል፤ ሱቅ በገባ ቁጥር አንድ የተሻለ ነገር ያያልና። ስለዚህ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ያለውን አንድ ቀን ምረጪ፤ ቅዳሜ ቢሆን ይመቻል። ከዚያ ቀን በኋላ ከሚበላና ከሚጠጣ በቀር ምንም አይገዛም። ያልተገኘ ስጦታ ካለ «በኋላ ይደርስሃል» ተብሎ በካርድ ይነገራል። ይከብድሻል፤ በተለይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት «አንዲት ነገር ብቻ» የሚል ስሜት ይመጣብሻል። ያን ጊዜ ቤት ቁጭ በይ።

ግዢው ስለ ባለቤትሽ ካነሣሁት ጋር የሚገናኝበት ቦታም አለ። «እርዳኝ» አትበዪው። እርዳኝ ሲባል ሥራው ያንቺ ሆኖ ይቀራል፤ እሱ የታዘዘውን ብቻ አድርሶ ይመለሳል። የእናቱንና የእህቱን ስጦታ ከማሰቡ እስከ መጠቅለሉ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ስጪው። ምክንያትም አለሽ። ጆኤል ዋልድፎጌል የተባለው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ተማሪዎች የተቀበሉትን የገና ስጦታ ምን ያህል ዋጋ እንደሚሰጡት ጠይቆ፣ ግምታቸው ስጦታው ከተገዛበት ገንዘብ በአንድ አሥረኛና በአንድ ሦስተኛ መካከል እንደሚያንስ አገኘ፤ ጉድለቱ የሰፋው ደግሞ ከአክስት፣ ከአጎትና ከአያት በመጣው ላይ ነበር። ሰውየውን በቅርብ የሚያውቀው ቢገዛለት ይሻላል ማለት ነው። እናቱን ካንቺ ይልቅ እሱ አያውቃቸውም?

እዚህ ላይ ግን ፈተናው ያንቺ ነው። ባለቤትሽ እንደ ልማዱ ሊዘገይ ይችላል። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው «እስካሁን አልገዛም!» ብለሽ በድብቅ መጠባበቂያ አትግዢ። አንዴ ከገዛሽ በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ተመልሶ ያንቺ ነው። ለአማትሽ የመጣው ስጦታ የማይረባ ከሆነም ልጃቸው ያመጣው ነው፤ ደስ ይላቸዋል። አማትሽን በተመለከተ ደብዳቤሽ ውስጥ የፈለግኩት ነገር ነበር፤ «ይህ ጎደለ» ያሉበትን አንዲት ቃል አላገኘሁም። ተቆጥተውሽ ያውቃሉ? ወይስ ይታዘቡኛል ብለሽ ነው የምትፈሪው? ምናልባት «እማማ፣ ከበዓሉ የትኛውን ይወዱታል?» ብሎ መጠየቅ የብዙ ወር ጭንቀት ያስቀራል። የባለቤትሽ እህት ቤትም እንዲሁ፤ አንቺ የምታዪው ካለቀ በኋላ ነው፤ ሌሊቱን ማን እንደተቀመጠ አላየሽም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ፍሎረንስ ኬሊ ይመሩት የነበረው ብሔራዊ የሸማቾች ሊግ ሰው ለገና ቀደም ብሎ እንዲሸምት ይቀሰቅስ ነበር። ያሳሰባቸው የዕቃ ማለቅ አልነበረም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሱቆች እስከ ምሽት ስለሚከፈቱ፣ ሻጮቹ ወጣት ሴቶችና ዕቃ የሚያመላልሱት ልጆች ከአቅማቸው በላይ ይደክሙ ስለነበር ነው። ቀድሞ መሸመት ያን ጊዜ የተሰበከው ሰው እንዲያርፍ ነበር። አንቺ ቤት ግን ድካሙን ከሻጯ ላይ አንሥቶ አንቺ ላይ የጫነ ይመስለኛል።

ገንዘቡን እንዴት እንደማነሣው ሳስብ ቆየሁ። ዝርዝሩን የምትደብቂው ባለቤትሽ «ለገና ገና ነው» ብሎ ስለሚቀልድብሽ ብቻ ነው? ወይስ ድምሩን ቢያየው የሚለውን ስለምትፈሪ? ወይስ አንቺ ራስሽ ማየት ስላልፈለግሽ? መልሱን ለኔ አትጻፊልኝ፤ ግን ለራስሽ መልሺው። ትንሽ በትንሽ የሚወጣ ገንዘብ ቀላል ይመስላል፤ ቀድሞ መጀመር ካሉት ጥቅሞች አንዱም ወጪውን በሦስት ደመወዝ ላይ ማከፋፈሉ ነው። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ድምሩ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው፤ ሳይታወቅ ከሆነ መከፋፈሉ ወጪውን መደበቂያ ብቻ ይሆናል። ባለፈው ዓመት የወጣውን ደረሰኝም ሆነ የባንክ መግለጫ አገላብጠሽ በግምት ደምሪው። ቁጥሩ ቢያስደነግጥሽም ለባለቤትሽ ስትነግሪው «ይቅርታ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ጥፋተኛ ሆነሽ ከተቀመጥሽ እሱ ዳኛ ይሆናል። «ባለፈው ዓመት ለገና ይህን ያህል አውጥተናል፤ እኔም ገና አሁን ነው የደመርኩት። ዘንድሮ ስንት እናድርገው?» በዪው። በዓሉን ጠልቶ ሳይሆን ወጪው አስፈርቶት ሲቀልድ የኖረ ሰው ከሆነ፣ ይህን ስትዪው ፊቱ ላይ ታዪዋለሽ። ካልሆነም ቢያንስ ሁለታችሁ አንድ ቁጥር ይኖራችኋል። ይህን ወሬ ፌስታል ይዘሽ በገባሽበት ምሽት ግን አታንሺው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የልጅሽ ጥያቄ ነው። የ12 ዓመት ልጅ እናቷን ሌሊት ስታለቅስ አይታ «ገና ባይኖር ይሻልሽ ነበር አይደል?» ስትል ወቀሳ አይመስለኝም። አንቺ እንድታርፊ የራሷን በዓል ልትተውልሽ ፈልጋለች። ይህ ልብ የሚነካ ነው፤ ያሳስባልም። ልጆች እናታቸው የምትደክመው በእነሱ ምክንያት ነው ብለው ቶሎ ያምናሉ። ምን ብለሽ እንደመለስሽላት ካላስታወስሽ ዛሬም አልረፈደም። ብቻችሁን በሆናችሁበት ሰዓት፣ ዕቃ ስታጥቡ ወይም መንገድ ስትሄዱ፣ «ያን ሌሊት የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ገናን እወደዋለሁ። የደከመኝ ሥራውን ብቻዬን ስለያዝኩት ነው፤ ዘንድሮ ልለውጠው ነው» በያት። እውነቱን ንገሪያት፤ «ደህና ነኝ እኮ» አትበያት፤ ስታለቅሺ አይታሻለች።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ሥራው ይከፋፈል ስል የአንቺ ድርሻ ወደ እሷ እንዳይዞር። በብዙ ቤት እናት ሲከብዳት የሚቀልላት ትልቋን ሴት ልጅ ምክትል አድርጋ ነው፤ ከዚያ ሃያ ዓመት ቆይቶ እሷም ዋዜማው ላይ ቁጭ ብላ ትጠቀልላለች። እሷ የምትወደውን አንድ ሥራ ትያዝ፤ መካከለኛውም ትንሹም እንደ አቅማቸው አንድ አንድ ይያዙ። ትንሹ ስም የተጻፈበትን ካርድ መለጠፍ ይችላል፤ ጠምዘዝ ብሎ ቢለጠፍ ምን አለበት?

ከዚያ አንድ ምሽት ሁላችሁም ባላችሁበት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ባለፈው ገና ከሆነው ሁሉ ዘንድሮም እንዲደገም የምትፈልጉት የቱን ነው? እያንዳንዱ አንድ ይበል፤ ባለቤትሽም፣ አንቺም። አታርሚያቸው፣ አታስታውሻቸው፤ መልሳቸውን ብቻ ጻፊ። ትንሹ ምናልባት ጌጡ ተሰብሮ ሁሉም የሳቀበትን ቅጽበት ይል ይሆናል፤ ሌላው አያቱ ያወሩትን ወሬ። አንቺ ሳምንት የደከምሽበትን ነገር ማንም ላያነሣው ይችላል። ቢያምሽም ጠቃሚ ነው፤ ማንም ያላነሣውን ለአንድ ዓመት ተዪውና ማን «የት ሄደ?» እንደሚል እዪ። የጠየቀ ከመጣ ከርሞ እሱ ራሱ ይሠራዋል።

አንቺስ የትኛውን ትመርጪ ነበር? ደብዳቤሽ ውስጥ የባለቤትሽን፣ የልጆችሽን፣ የአማትሽን ገና አገኘሁት። ያንቺን አላገኘሁም።

እንግዲህ ዛሬ ከየት እንደምትጀምሪ ልንገርሽ። በዚህ ሳምንት የባለፈውን ዓመት ወጪ ደምሪ፣ ከባለቤትሽ ጋር ተቀመጪና ዝርዝሩን ከቦርሳሽ አውጥተሽ በመካከላችሁ አድርጊው፤ የእናቱንና የእህቱን ስም ከአንቺ ወረቀት ላይ ሰርዞ በራሱ ስልክ ይጻፈው። በሚቀጥለው ሳምንት ፖስታ ቤት ጠይቀሽ የእህትሽን ጥቅል ላኪ። ማጣበቂያና መጠቅለያ አብረሽ ግዢ፣ ሁለት ጥቅል ማጣበቂያ ይሁን። የአዋቂዎቹን ስጦታ በቀጣዩ ወር በዕረፍትሽ እያየሽ ጨርሺ። የልጆቹን ጫማ ወሩ ሲቀረው ለኪና ግዢ። የትንሹን መጫወቻ ግን፣ አሁን ምንም ያህል ቢለምንሽ፣ ሦስት ሳምንት እስኪቀረው አትንኪው፤ በእነዚያ ሳምንታት ስንት ጊዜ ሐሳቡን እንደሚለውጥ ቁጠሪና ጻፊልኝ።